ለገንዳ ክዳን የሚሰበሰብ ሸንጎ

የዋሽንግተን ዲሲ ነዋሪ ግብሩን እንደማንኛውም አሜሪካዊ ይከፍላል፤ በኮንግረስ ያለው ተወካይ ግን መናገር እንጂ ሕግ ሲጸድቅ ድምፅ መስጠት አይችልም። ስለ ጦርነትና ስለ ሰላም አስተያየቱን ማንም የማይጠይቀው ይህ ነዋሪ፣ የጎረቤቱ ምግብ ቤት ሙዚቃውን በስንት ሰዓት ይዝጋ በሚለው ጉዳይ ላይ ግን ሕግ የደነገገለት ሸንጎ አለው። የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን ይባላል። የከተማው ሰው በአጭሩ «ኤኤንሲ» ይለዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከተማዋ ራሷን በከፊል እንድታስተዳድር ኮንግረስ በ1973 በፈቀደ ጊዜ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ሕዝቡም በ1974 በድምፁ ኮሚሽኖቹን አጸደቀ። ዛሬ 46 ኮሚሽኖችና 345 ኮሚሽነሮች አሉ። እያንዳንዱ ኮሚሽነር 2,000 ገደማ ሰው የሚኖርባትን ጠባብ ክልል ይወክላል፤ የሚመረጠው ለሁለት ዓመት ነው፤ ደሞዝ የለውም። «ቀበሌ ማለት ነው» የሚል አይጠፋም። ግን ቀበሌ ቢያንስ መታወቂያ ይሰጣል፤ ኤኤንሲ የሚሰጠው ምክር ብቻ ነው።

ምክሩ ከሚበዛባቸው ጉዳዮች አንዱ የመጠጥ ፈቃድ ነው። አንድ ሰው በዩ ስትሪት አካባቢ ምግብ ቤት ከፍቶ ቢራና ጠጅ ልሽጥ ሲል ማመልከቻው በበሩ ላይ ይለጠፋል፤ ኮሚሽኑም ይነገረዋል። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ አንድ ምሽት ሸሚዙን ተኩሶ ሸንጎ ፊት ይቀርባል። ስለ ክትፎው የሚጠይቀው የለም። የሚጠየቀው ስለ ቆሻሻ ገንዳው ነው፦ የት ይቆማል? ማን ያነሳዋል? ክዳኑ ይዘጋል ወይ? ከፎቁ ላይ የሚኖሩ ሴትዮ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ጠርሙስ ሲደፋ የሚያሰማውን ድምፅ በዝርዝር ያስረዳሉ። ኮሚሽኑ ፈቃዱን በይፋ ሊቃወም ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የሚያልቀው በስምምነት ሰነድ ነው። በሰነዱ ላይ ሙዚቃ ሲከፈት በርና መስኮት እንደሚዘጋ፣ አይጥ የሚያጠፋ ባለሙያ በየጊዜው እንደሚመጣ፣ የመዝጊያው ሰዓትም ስንት እንደሆነ ይሰፍራል። እስክስታው ገና ሲሞቅ መብራት የሚበራበት ምግብ ቤት ካለ፣ ምክንያቱን ከዚያ ሰነድ ላይ መፈለግ ይበጃል።

ታዲያ ምክር ብቻ የሚሰጥ ሸንጎ ማን ይፈራዋል? መልሱ ሕጉ ውስጥ ባሉ ሁለት ቃላት ነው፦ «ከፍተኛ ክብደት»። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰፈሩን የሚነካ ውሳኔ ከመወሰናቸው በፊት ለኮሚሽኑ የ30 የሥራ ቀን ማስታወቂያ መስጠት፣ ለሚመጣላቸውም የጽሑፍ ምክር ያንን ክብደት መስጠት አለባቸው። የክብደቱ ሚዛን ግን ስላልተነገረ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1977 የዲሲ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ትርጉሙን አስቀመጠ፤ ጉዳዩም፣ የሚገርም አይደለም፣ የመጠጥ ፈቃድ ነበር። ክብደት መስጠት እሺ ማለት አይደለም፤ ሰፈሩ ያነሳውን እያንዳንዱን ስጋት በስሙ ጠቅሶ መልስ መስጠት ነው። መሥሪያ ቤቱ «አይሆንም» ማለት ይችላል፣ ለምን እንደማይሆን ግን መጻፍ ግዴታው ነው። ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ «ነገ ተመለስ» የሚል መልስ ብቻ ይዞ የሚወጣ ሰው የዚህን ዋጋ ለማወቅ ማስረጃ አያሻውም።

ኒውዮርክም የዚህ ዓይነት 59 ቦርዶች አሏት፤ በእያንዳንዳቸው እስከ 50 ሰው ይቀመጣል፤ ሁሉም ያለ ደሞዝ ነው። ልዩነቱ የኒውዮርኮቹ ተሿሚዎች፣ የዲሲዎቹ ተመራጮች መሆናቸው ነው። ተመራጭ የሚለው ቃል ግን ፉክክር አለ ማለት አይደለም። በአንዳንድ ክልል ዕጩ ስለማይገኝ፣ ስሙ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ በእጅ የተጻፈለት ሰው በጥቂት ድምፅ ኮሚሽነር ሆኖ ያድራል።

የሸንጎው ትልቁ ጉድለትም እዚህ ላይ ነው። ኮሚሽኑ በዓመት ቢያንስ ዘጠኝ ጊዜ በግልጽ ይሰበሰባል፤ ማንም ገብቶ መናገር ይችላል። እድር የቀረ አባሉን ይቀጣል፣ ኤኤንሲ ግን መቀጫ የለውም፤ ስለዚህ የሚመጣው ጊዜ ያለው ሰው ነው። ማታ ማታ ታክሲ የሚነዳ ወይም የሆቴል ክፍል የሚያጸዳ ሰው ስብሰባው ሲጀመር ሥራ ላይ ነው። ለመኪና ማቆሚያ የሚከራከር ሰው ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ ሰፈሩም ከትምህርት ቤት ይልቅ የማቆሚያ ቦታ የቸገረው ይመስላል።

ቋንቋና ዜግነት እንደ ድሮው ላለመሳተፍ ሰበብ አይሆኑም። በ2004 የወጣው የከተማዋ የቋንቋ ሕግ መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን በአማርኛም እንዲሰጡ ያደርጋል። በ2022 በወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ዜግነት ያላገኘ ነዋሪ በከተማው ምርጫ መምረጥ ቻለ፤ በ2024 እነዚህ አዲስ መራጮች ኮሚሽነሮቻቸውን መረጡ። ለዕጩነት የሚያስፈልገው የ25 መራጮች ፊርማ ብቻ ነው። አንድ የክርስትና ድግስ ላይ፣ ዳቦው ሳይቆረስ የሚሞላ ቁጥር ነው። የሚያስቸግረው ከእንግዶቹ አብዛኞቹ ከሲልቨር ስፕሪንግና ከአሌክሳንድሪያ የመጡ መሆናቸው ነው፤ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሰው ፊርማ አይቆጠርም።