የፈረሰኛው ምሥጢር

ባለፈው ክረምት ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ ልጽፍ ተነሣሁ። የጥበብ ጥሪ መጥቶብኝ አይደለም። ፒያሳ አስፋልት ዳር መጽሐፍ አንጥፎ የሚሸጥ ወዳጄ ነው ያስነሣኝ። «ጋሼ፣ የእርስዎን ወግ ሰው እዚሁ ቆሞ አንብቦ መልሶ ያስቀምጠዋል። ልብ አንጠልጣይ ሲሆን ግን ይገዛል፤ መጨረሻውን ቆሞ አይደርስበትማ!» አለኝ። የአሠራሩንም ዘዴ በነጻ መረቀልኝ፦ ራቅ ያለ የተራራ መንደር፣ ብዙ ጉም፣ አንድ ሬሳ፣ ከከተማ የሚመጣ መርማሪ፣ አፉን የሚዘጋ ሕዝብ።

ማኪያቶዬን አዝዤ ጀመርኩ። መርማሪዬን መቶ አለቃ አደረግሁና በምሽት፣ በጉም፣ በበቅሎ ወደ ተራራው አወጣሁት። ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ ኩበት የምትለቅም ሴት አገኘችው። «የማን ልጅ ነህ?» አለችው። ነገራት። «እሰይ፣ አባትህን አውቃለሁ፤ ለሟቹ ከሆነ የመጣኸው ገዳዩ አማቹ ነው፤ በድንበር ነው፤ ና ቡና ጠጣ» አለችው። ልቦለዱ አራተኛው ገጽ ላይ አለቀ። ሴትዮዋን ሰርዤ እረኛ ባስገባ እረኛው ነገረው። እረኛውን ዲዳ ባደርገው በምልክት አሳየው።

ስሕተቱ ተራራው ይሆን ብዬ መረመርኩ። ፈረንጅ «የተራራ መንደር» ብሎ የሚንቀጠቀጥለት የስዊሱ ዘርማት ከባሕር ጠለል 1,600 ሜትር ገደማ ነው። ማኪያቶ የምጠጣባት ፒያሳ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ለካ ዕድሜዬን ሙሉ የተራራ መንደር ውስጥ ተቀምጬ ነው ተራራ የምፈልገው! የሰፈሮቹንስ ስም አያችሁት? ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ እሪ በከንቱ፤ ቢጮኹ የሚደርስ የለም ማለት ነው። ወዲህ ደግሞ የእኛው ሰፈር ዶሮ ማነቂያ ነበረች። የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ በደመወዝ ቢቀጠር ከዚህ የተሻለ ስም አያወጣም።

አንባቢም አላጣንም። ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን ወደ አማርኛ እየመለሱ ስንቱን የአራዳ ጎረምሳ ሰላይ አድርገውት ነበር። የእኛ ግቢ ጎረምሶች ጋዜጣ የሚገዙት ቀድደው ሊያሾልቁበት ነበር። ችግሩ የሚሰለለው ሰው ከወዲያ ሆኖ «አንተ፣ እናትህ ዳቦ ግዛ ብላሃለች» ይላቸዋል።

እውነተኛውን መርማሪ ያየሁት አንዴ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ለፋሲካ ከመንዝ መጣች፤ ባና ለብሳ፣ የወይራ ዱላ ይዛ። የአባቴ እናት ናት።

ግቢያችን ሰባት አባወራ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ማድ ቤትና አንድ ሽንት ቤት ነበረው። የቤቶቹ መለያያ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ «ይማርህ» እንላለን። የዋዜማው ዕለት እናቴ ዶሮዋን ሠርታ፣ ድስቱን ከድና፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ጭና ማድ ቤት ተወችው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጊዮርጊስ ተመልሰን፣ የ55 ቀን ጾም ሆዳችን ውስጥ እያጉረመረመ፣ ድስቱ ተከፈተ። እናቴ በጭልፋ ማውጣት ጀመረች። እግር ወጣ፣ መላላጫ ወጣ፣ ክንፍ ወጣ፣ አንገት ወጣ። እንቁላሉም አልጎደለም። ጭልፋው ድስቱን ሁለት ጊዜ ዞረና ቆመ።

«ፈረሰኛው የለም» አለች እናቴ።

የዶሮ ብልት አሥራ ሁለት ነው፤ ፈረሰኛው ደግሞ የአባወራ ነው። አባቴ እንጀራው ላይ የዘረጋውን እጁን ቀስ ብሎ ሰበሰበ። እንደዚያ ሌሊት የተከበረ ሰው ሲዋረድ አይቼ አላውቅም። ለቀበሌ እናመልክት እንዳይባል፣ ቀበሌ ለሰው ሕይወት እንጂ ለዶሮ ሥጋ ጊዜ አልነበረውም።

ጎሕ ሲቀድ ጫጫታው ግቢውን ሞላው። አንድ የአራዳ ሽማግሌ ጎረቤታችን «በምኒልክ ጊዜ ቢሆን ሌባ ሻይ ይጠራ ነበር» አሉ። አንድ ልጅ መድኃኒት ይጠጣና፣ ወገቡ ላይ መቀነት ታስሮ ይለቀቃል፤ ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። ይህን ብለው ሲጨርሱ ግቢው በሙሉ እኔን አየ። ለመንገዳገድ የደረስኩት ወንድ ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ እጄን ጎትታ ወደ ኋላዋ ወሸቀችኝ።

አያቴ ግን በርጩማ አስመጥታ የግቢው በር ላይ ተቀመጠች። «አፈርሳታ ነው» አለች።

ከጎጃም የመጣ ጎረቤታችን «አውጫጭኝ ይባላል፣ እማማ» አላት።

«እናንተ እንደፈለጋችሁ በሉት፤ እኔ ግን በሩ ላይ ነኝ።»

ለማያውቅ ልንገር። ገጠር ውስጥ ንብረት ጠፍቶ ሌባው ካልታወቀ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤት መሄድ የለም፤ እርሻው ይደር፣ ላሟ ሳትታለብ ትዋል። ካልወጣም ካሣውን ሁሉም ያዋጣል። የሚናገር ሰው «እኔ አየሁ» አይልም፣ «ወፍ ነገረኝ» ይላል፤ ወፏ ማን ናት ተብሎ አይጠየቅም። አጋታ ክሪስቲ ሚስ ማርፕል የተባለችውን መርማሪ አሮጊት በ1930 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ ስታወጣ ፈረንጅ ተደነቀ አሉ። መንዝ ሹራብ የማትሠራ ማርፕል ሞልቶባታል።

የአያቴ ብልኃት ቀኑ ነው። ፋሲካ ነው፤ ሰው ሁሉ ወጡ እየቀዘቀዘበት፣ የዘመድ ጥሪ እያለፈበት ነው። ሆድ ከአፍ ይቀድማል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመጀመሪያዋ ወፍ አረፈች።

«ወፍ እንደነገረችኝ» አለች ከቧንቧው በስተግራ ያለችው ጎረቤታችን፣ «የከሰል ጆንያችንን ማታ ማታ የሚያቀልልን ሰው አለ።»

«ስለ ፈረሰኛውስ ምን አለች?» አለ አባቴ።

«ስለሱ ዝም ብላለች።»

ከዚያማ ግቢው የወፍ ጫካ ሆነ። የሽንት ቤቱን አምፖል ማን እንደፈታው ወጣ። የቀበሌውን ስኳር ሁለቴ የተሰለፈው ታወቀ። ለሦስት ወር «ድመት ሰበረው» የተባለው ረከቦት ድመቷ ነጻ ወጣችበት። የማን ልጅ ለማን ልጅ ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ በየትኛው የአጥር ቀዳዳ እንደሚያሾልክም ተነገረ፤ ይሄን ማንም አልጠየቀም ነበር። ስለ ፈረሰኛው ግን አንዲት ወፍ አልዘመረችም።

ወደ ማታ አያቴ ተነሣች። ማድ ቤቱን አስጨልማ አንድ ባዶ መሶብ አስገባች። «ሁላችሁም በየተራችሁ ግቡ፤ የሰው የሆነ ነገር ያለው ያስቀምጥ፣ የሌለው ክዳኑን ነክቶ ይውጣ» አለች። እኔም ገባሁ። ያስቀመጥኩትን አልናገርም፤ ብይ ነበር።

በፋኖስ ሲከፈት መሶቡ እንደ ሱቅ ሞልቷል። ሁለት ሲኒ፣ አንድ አምፖል፣ የማይታወቅ በር ቁልፍ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ስኳር፣ የጫማ ብሩሽ፣ ሰባት ብይ፤ ከሥር ደግሞ ጥርት ተደርጎ የተጋጠ የፈረሰኛ አጥንት።

አያቴ አጥንቱን ወደ ፋኖሱ አስጠግታ አገላበጠችው። «ጨዋ ነው፤ አላኘከውም» አለችና በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው።

«ማነው?» አለ አባቴ።

«ተመለሰልህ አይደል?»

«እማዬ፣ አጥንት እኮ ነው!»

«አጥንቱስ ያንተ አይደለም?»

ማክሰኞ ወደ አገሯ ስትመለስ የግቢው ሰው ተሰልፎ ሸኛት። ሁሉንም ሦስት ሦስት ጊዜ ሳመች። አንዱን ብቻ አራት ጊዜ ሳመችው። ሰውየው ጆሮው ድረስ ቀላ፤ እኛም ሁላችን አየን። ከዚያ ወዲያ ለሠላሳ ምናምን ዓመት ፋሲካ በመጣ ቁጥር ከእሱ ቤት አንድ ፈረሰኛ በሳሕን ተከድኖ ወደ እኛ ቤት ይመጣ ነበር። ለምን እንደሆነ ማንም ጠይቆ አያውቅም። ስሙንም አልጽፈውም፤ ልጆቹ ያነቡ ይሆናል።

መቶ አለቃዬ ሥራ ያጣው ለዚህ ነው። የፈረንጅ መርማሪ የሚደክመው ገዳዩን ለማወቅ ነው። እኛ ዘንድ ማወቁ እስከ ቁርስ ያልቃል፤ የሚያደክመው አውቆ ጎን ለጎን ሲኒ መዋዋሱ ነው። ይህን ደግሞ መጽሐፍ ሻጩ «አይሸጥም» አለኝ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ መጣና ዶሮ ማነቂያ ፈረሰች። ሰባቱ አባወራ በሰባት አቅጣጫ ተበተንን። እኔ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ደረሰኝ። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ማንም ሲያስነጥስ አይሰማም። ፋሲካም ሁለቴ አለፈ፣ ሳሕን አልመጣም።

ባለፈው ሳምንት በር ላይ ያወለቅሁት ነጠላ ጫማዬ ጠፋ። ሁለቱም ቢሆን ይሻል ነበር፤ የጠፋው የግራው ብቻ ነው። ደረጃውን ወረድኩ፣ ወጣሁ። ምሽት ነበር፣ መብራት ጠፍቷል፣ ከየካ በኩል የወረደ ጉም ኮሪደሩን ሞልቶታል። የፊት ለፊቴን በር አንኳኳሁ። ውስጥ ይሰማ የነበረው የእግር ኮቴ ቀጥ አለ።

«ማነው?» አለ አንድ ድምፅ።

«ጎረቤት ነኝ።»

ረጅም ዝምታ ሆነ።

«የቱ ጎረቤት?»

በአንድ እግሬ እያነከስኩ ቤቴ ገባሁና ሻማ ለኩሼ ምዕራፍ አንድን ጀመርኩ።