ሆዳም ግስ ለያዘዎት

ውድ የሴኡል ተማሪ ሆይ፣ እንግሊዝኛ ሊጀምሩ ከሆነ አስቀድመው ግስዎን ያስጡሙት። በቋንቋዎ «ሞክታ» ማለት መብላት ነው፤ ያገኘውን አይመርጥም። መድኃኒት ይበላል፣ ውሃ ይበላል፣ ስድብ ይበላል፣ ፍርሃት ይበላል፣ ኳስ ሜዳ ላይ ጎል ይበላል። ቁርጥ ሐሳብ ያደረገ ሰው እንኳ «ልቡን በላ» ይባላል። (እኛም ብዙ አንሻልም፤ ጉቦ እንበላለን፣ ቃላችንን እንበላለን፣ ጀርባችን ደግሞ እኛኑ ይበላናል።)

የእንግሊዙ «ኢት» ግን ጨጓራ ያመመው ሽማግሌ ነው። እንክብል ቢያቀርቡለት ወደ ጎረቤቱ ወደ «ቴክ» ይልክዎታል። ሾርባን በማንኪያ ከሆነ እሺ ይላል፤ ከኩባያ ሲሆን «ድሪንክን ጥሩት» ይላል።

ዕድሜንማ ከነጭራሹ አያቅርቡለት። በሶላል ዕለት፣ በጨረቃ አቆጣጠር አዲስ ዓመት፣ ቶክጉክ የሚሉትን የሩዝ ቂጣ ሾርባ ሲበሉ አንድ ዓመትም አብረው እንደሚበሉ ያደጉበት ነገር ነው። ለእንግሊዝ ሰው «ሠላሳ ዓመት በልቻለሁ» ቢሉት ግን በምን እንደተበላ ይጠይቅዎታል። ደግሞስ የራስዎ መንግሥት በ2023 እ.ኤ.አ. የዕድሜ አቆጣጠሩን በሕግ ሲያስተካክል፣ የበሉትን አንድ ሁለት ዓመት አስተፍቶዎት የለም?

አነጋገሩን በተመለከተ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ፈገግ ብለው «ኢ»ን ይጎትቷት። ኮሪያኛ አጭርና ረጅም ብሎ የማይለያት «ኢ» ስላለችው፣ ካሳጠሯት መብላቱ ቀርቶ «እሱ» ያሉ ይመስላል። ኃላፊ ጊዜው በአሜሪካኖች አፍ ከስምንት ቁጥር ጋር አንድ ድምፅ ነው፤ ስምንት እንቁላል የበላ ሰው ስምንትን ሁለት ጊዜ ቢጠራ አይደንግጡ።

የሚከብድዎት አክብሮቱ ነው። ለአያትዎ «ሞክታ» ማለት ነውር ስለሆነ ሌላ የተከበረ ግስ ይመርጡላቸዋል። በእንግሊዝኛ አያትዎም ውሻዎም እኩል «ኢት» ናቸው። ስለዚህ ሲናገሩ ቢያንስ ጎንበስ ይበሉላቸው፤ ለውሻው አያስፈልግም።

በመጨረሻም ሰላምታ። «ምግብ በላህ?» ማለት በአገርዎ ደኅንነትን መጠየቅ ነው፤ መልሱም «አዎ» ነው፣ ባይበሉም። ለንደን ላይ ይህን ከጠየቁ ግን ሰውየው ምሳ የጋበዙት ይመስለዋል። «አልበላሁም» ካለዎት ቦርሳዎን ያውጡ።