ከኋላ የሚመጣ ሲጢጥታ

ከመኪና የኋላ ክፍል የሚመጣ ሲጢጥታ የሚፈጠረው ሁለት አካላት ሲፋተጉ አንዱ ሌላውን ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ሲያደርገው ነው። ይህ ያዝ ለቀቅ በሴኮንድ ከመቶዎች እስከ ብዙ ሺህ ጊዜ ይደጋገማል። የመሲንቆ ደጋን ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ክሩን የሚያስለቅሰውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ፣ መሲንቆ ዝም እንዲል ገንዘብ የሚከፍል ሰው እምብዛም አለመኖሩ ነው።

ድምፁ ጠባይ አለው። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ዳገቱን ሙሉ ሲያቃስት ቆይቶ ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ጭጭ ይላል። ባለመኪናው «አሁን እኮ ነበር» ይላል፤ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ይሆናል» ይለዋል። ብዙዎች ይህን ከመኪናው ተንኮል ይቆጥሩታል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ። ያንን ከፍታ የወጣው መኪና ሰው፣ ጆንያና ዶሮ ጭኖ፣ ባሌስትራው ጎብጦ፣ ብረቱ ግሎ ነው። ጋራዥ ሲገባ ሰው ወርዷል፣ ጆንያ ወርዷል፣ ዶሮዋ ገበያ ደርሳለች፣ ግቢውም ሜዳ ነው። የጮኸው መኪናና የሚመረመረው መኪና አንድ አይደሉም ማለት ይቻላል። ስለዚህ የምርመራው የመጀመሪያ እርምጃ መኪናውን ከነጭነቱ፣ መካኒኩን ጨምሮ፣ ወደ ዳገቱ መመለስ ነው። ይህን እርምጃ መካኒኮች አይወዱትም፤ ባለመኪኖችም ነዳጁን ያስባሉ። በመሆኑም ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከሁለተኛው እርምጃ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ «የት ነው የሚጮኸው?» የሚለውን ትቶ «መቼ ነው የሚጮኸው?» ብሎ መጠየቅ ነው። የመኪና ቆርቆሮ ድምፅ ያዛውራል፤ ከቀኝ ጎማ የተነሳው በግራ በር ይሰማል፤ የኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ አራት ሰዎች አራት አቅጣጫ ያመለክታሉ። ጊዜው ግን ብዙም አያሳስትም። ከጎማው ዙር ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ድምፅ ከፍሬን ወይም ከኩሽኔታ ነው። በኋላ ጎማ በሚነዳ መኪና ላይ ማርሽ ሲለወጥና ነዳጅ ሲሰጥ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ክሮቸራ ይጠረጠራል። ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከጎሚኒ፣ ከሾክ አብዞርበር ወይም ከባሌስትራ አያልፍም።

በሚኒባስ፣ በፒክአፕና በአይሱዙ ሥር ያለው ባሌስትራ የተደራረበ ብረት ነው። ሲተጣጠፍ ብረቶቹ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ፤ በመካከላቸው አቧራና ዝገት ከገባ መንሸራተቱ ሲጢጥታ ይሆናል። መድኃኒቱ ሻንሲውን በክሪክ አንስቶ ክብደቱን ከባሌስትራው ላይ ማውረድ፣ ከዚያ በብረቶቹ መካከል ያለውን ዝገት ጠርጎ ግራሶ መቀባት ነው። የሚያስጮኸው ጭነት ነው፤ ጭነት ከኋላ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከደብረ ታቦር ቀድሞ ማወቅ የነበረበት ከተማ የለም።

ከከተማዋ ወጣ ብላ ባለችው ጋፋት፣ ዐፄ ቴዎድሮስ እንደ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ያሉ የአውሮፓ ሚስዮናውያንና የእጅ ባለሙያዎች ሰብስበው መድፍ አሠርተዋል። ከሥራዎቹ ሁሉ የታወቀው ሴባስቶፖል ሲሆን ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል፤ ይህን ያህል የተጫነበት አይሱዙ ዳገት ላይ ምን እንደሚያሰማ የሚያውቅ ያውቃል። ሴባስቶፖል ግን ባሌስትራና ጎሚኒ በሌለው ሠረገላ ላይ ተጭኖ በብዙ መቶ ሰው ጉልበት ነበር የተጎተተው። ንጉሡ በ1860 ዓ.ም. መባቻ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ተነሡ። ጉዞው በጋይንትና በጨጨሆ፣ በዋድላና በደላንታ አድርጎ፣ የጅጣንና የበሽሎን ወንዞች ገደሎች ወርዶና ወጥቶ፣ መጋቢት ላይ መቅደላ ደረሰ። መንገድ አልነበረም፤ መንገዱ የተሠራው ከመድፉ ፊት ፊት እየተባለ ነው፣ ንጉሡም ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። ዳገቱ ከባድ መሆኑ አይካድም፤ ቁልቁለቱ ግን ይብሳል። ሽቅብ ሲጎትት የዋለው ሰው ቁልቁል ሲሆን ወደኋላ ዞሮ በገመድ መያዝ ነበረበት። የደቡብ ጎንደር የመጀመሪያው የኋላ ፍሬን ሰው ነበር ማለት ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ ነው፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል። ይህ ሁሉ ስለ ባሌስትራ የሚጨምረው ዕውቀት ጥቂት መሆኑ ግልጽ ነው፤ ሆኖም ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚነዳ ሁሉ የሚሄደው በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ ሳይጠቀስ አይታለፍም።

ፍሬን የሚፈተነው ድምፁ እየተሰማ ፔዳሉን በቀስታ በመርገጥ ነው፤ ድምፁ ከጠፋ ወይም ከተለወጠ ጥፋቱ እዚያው ነው። በቪትዝና በቆዩት ኮሮላዎች ላይ የኋላው ፍሬን በታምቡር ውስጥ የተዘጋ ስለሆነ የሸራው ብናኝ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ዝናብ ባደረበት ጠዋት የሚሰማና ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋ ድምፅ ስስ ዝገት ነው፤ አያሳስብም። በደንብ ያልተለቀቀ የእጅ ፍሬንም እንዲሁ ይጮኻል። በዲስክ ፍሬን ሸራ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ትንሽ የብረት ምላስ አለች፤ ሸራው ሊያልቅ ሲል ዲስኩን እየነካች እንድትጮኽ ሆን ተብሎ የተሠራች ናት። ይህችን ምላስ በፒንሳ አጥፎ «ጨርሻለሁ» የሚል አለ፤ ለዚህም የሚከፍል አለ። ታምቡሩን ከፍቶ ሸራው ላይ የተቃጠለ ዘይት ጠብ የሚያደርግም አለ። ድምፁ በእርግጥ ይጠፋል፤ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል።

ከዚህ የሚብሰው ምንም የማያደርገው ነው። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት «ልጄ፣ ከሥር አንዳች ነገር ይጮኻል» ይላሉ። ሹፌሩ ቴፑን ከፍ አድርጎ «ምንም አይደል እማማ፣ ይሄዳል» ይላቸዋል። ይሄዳል! መሄዱንማ ሴባስቶፖልም ሄዷል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ለሚወርድ፣ ለሦስት በተሠራ ወንበር አምስት ሰው ለደረደረ መኪና መሄድ መቼም ቸግሮት አያውቅም፤ ቁልቁለቱ ያለ ነዳጅም ያደርሰዋል። የተጠየቀው ስለ መቆሙ ነው። ያን ሁሉ ነፍስ ጭኖ ያንን ድምፅ በዘፈን የሚሸፍን ሰው ተሳፋሪን ከጆንያ አይለይም፤ ጆንያውንስ ቢሆን እንዳይወድቅ በገመድ ያስረዋል። ቁልቁለትን በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ፍሬኑን ከመጋል እንደሚያድነው ማንም መንጃ ፈቃድ ያለው ተምሮታል፤ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ የሚንደረደረውም ያው ተማሪ ነው። በሹፌሩ ብቻ መፍረድም ይከብዳል፤ ሸራ ተወዷል፣ የመኪናው ባለቤት የቀን ገቢውን ይጠብቃል፣ ተሳፋሪውም ቢሆን ፍሬን ይታይ ተብሎ ቢቆም መጀመሪያ የሚያጉረመርመው እሱ ነው። እኒያ እናትም ጥቂት ቆይተው ድምፁን ይለምዱትና ያንቀላፋሉ።

ኩሽኔታ ከሲጢጥታ ይልቅ ማጉረምረም ይቀናዋል። መኪናው ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ከባሰ ክብደቱ ወደ ግራ ዞሯልና የግራው ይጠረጠራል።

የመኪናው ያልሆኑ ድምፆችም አሉ። ያልጠበቀ ክሪክ፣ የላላ ስኮርታ፣ ባዶ ጀሪካን፣ ፖርቶ መጋላ ላይ የታሰረ የአልጋ ራስጌ እየተፋተጉ ጤነኛ ዲፈረንሻል ሊያስወርዱ ይችላሉ። ስለዚህ ማንኛውም ነገር ከመፈታቱ በፊት መኪናውን ማራገፍ ይገባል፤ ይህ ግን ከነጭነቱ ይታይ ከሚለው ከመጀመሪያው እርምጃ ጋር ስለሚጋጭ ባለመኪናው አንዱን መምረጥ ይኖርበታል።

የቀረው ጎሚኒ ነው። የደረቀ ጎሚኒ የሚለየው በየተራ የሳሙና ውኃ በመርጨት ነው፤ አንዱ ላይ ሲረጭ ድምፁ ለጊዜው ከቆመ ጥፋተኛው ተገኘ ማለት ነው። ናፍጣና የሞተር ዘይት ግን ላስቲኩን ያሳብጡታል እንጂ አያድኑትም። ውኃ ለጊዜው ዝም ስለሚያሰኘው በጉና ተራራ አካባቢ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚጮኽ ጎሚኒ ማግኘት ይቸግራል፤ በእነዚህ ወራት የተሠራ መኪና ሁሉ የዳነ ይመስላል፣ ክፍያውንም ዝናቡ ሳይሆን ጋራዡ ይወስዳል። ጥቅምት ላይ ድምፁ ሲመለስ ባለመኪናው መካኒኩን ይወቅሳል፤ መካኒኩ ዕቃውን፣ ዕቃ ሻጩ መንገዱን፣ ሹፌሩ ደግሞ ጭነቱን። በዚህ መሃል የጉና ድንች ደርሶ አይሱዙዎቹ መጫን ይጀምራሉ፤ እነርሱ ከኋላ ጥንድ ጎማና ደራርብ ባሌስትራ ስላላቸው የሚያሰሙት ድምፅ ለብቻው የሚታይ ነው።