ያልታወቀ አዝማሪ፣ ሰሜን ተራሮች

ዲፕ ሀውስ የሚባለውን ሙዚቃ ለማታውቁ፦ በደቂቃ ከ120 እስከ 125 ጊዜ የሚደልቅ፣ የማይቸኩል፣ ቤዙ የወፈረ፣ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ የሚወዛወዝበት የጭፈራ ሙዚቃ ነው። አንደርግራውንድ የሚሉት ደግሞ ሬዲዮ የማያውቀው፣ 300 ሸክላ ታትሞለት 300 ሰው የሚኮራበት ወገኑ ነው። ከዚህ ወገን አንዳንዶቹ አቀናባሪዎች የአገራችንን ድምፅ ወደውታል። በተለይ የእኛን ሰፈር፣ ከዳባት ሽቅብ ደባርቅን፣ ከደባርቅም ወዲያ ሳንቃ በርን፣ «ያልተነካ ድምፅ ያለበት» ይሉታል። ከዚያ መጥተው ይነኩታል። አዲስ ሸክላ በወጣ ቁጥር እንዲህ መከበራችን ሳይመሰገን መቅረት የለበትምና ይህችን የምስጋና ጽሑፍ አቀረብኩ። የአመስጋኝነቴን ያህል ስማቸውን ብጠራ ደስ ባለኝ ነበር፤ ነገር ግን ስም አለመጥራትን የተማርኩት ከእነሱው ነው። የማወራለትም ሸክላ አንድ አይደለም፤ ከብዙዎቹ ፈሊጥ የተገጣጠመ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እንግዳው በአውሮፕላን ጎንደር ይገባል። መቶ ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በላንድክሩዘር ሲወጣ ዳባት ላይ አይወርድም፤ ዳባት እንቅልፍ የሚወስድባት ከተማ ናት። ደባርቅ ሲደርስ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ገብቶ የመግቢያ፣ የመኪናና የድንኳን ማደሪያ ይከፍላል፤ ደረሰኙን አጣጥፎ ኪሱ ይከታል። ጠመንጃ የያዘ ስካውት ይመደብለታል፤ ስካውቱ የቀን ሒሳብ አለው። አስጎብኚው ሒሳብ አለው። አብሳዩ ሒሳብ አለው። ጫኙም በቅሎዋም ሒሳብ አላቸው፤ በቅሎዋ በዚያ ላይ ገብሷን ትበላለች። ማታ ላይ ባለ ማሲንቆ ይጠራል። እሱ ግን ጥበበኛ ነው፣ ጥበብ ደግሞ በገንዘብ አትለካም። ስለዚህ አልተለካችም።

በጎንደር አገር የአዝማሪ ሥራ ከሁሉ በፊት ስም መጥራት ነው። ጠላ ቤት ገብታችሁ ገና ሳትደላደሉ ስማችሁን ከጎናችሁ ካለው ሰው ጠይቆ ይይዛታል። ማሲንቆውን ሁለት ጊዜ ገዝገዝ አድርጎ ከስማችሁ ጋር ቤት የሚመታ ስንኝ ይወረውራል። ስሙ አባትን ይጎትታል፣ አባት አገርን፣ አገር ደግሞ የሆነ የተረሳ ጀብዱ። አንዱ ታዳሚ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ያቀብለዋል፤ እሱም ተቀብሎ፣ አሳምሮ ይመልሰዋል። ልቡ የተነካ ሰው ተነሥቶ አሥር ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፍለታል። ስም ይሰጣል፣ ብር ይቀበላል፤ ሙያው በዚህ ውል የሚኖር ነው። እንግዳውም ያን ማታ ስሙ ተጠርቶ፣ ከጀግና ወገን ተቆጥሮ ተሞግሷል። ከእሱ የሚጠበቀው «አንተስ ማን ትባላለህ?» ብሎ መመለስ ብቻ ነበር። ማይክሮፎኑን ሲያስተካክል አልተመቸውም።

ሸክላው ሲወጣ ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። አቀናባሪው በስሙ አለ። ድምፁን በመጨረሻ ያስተካከለው መሐንዲስ ከነስቱዲዮው አለ። የሊማሊሞን ጉም ለሽፋኑ ያነሣው ባለ ካሜራ አለ። ማይክሮፎኑ ከነሞዴል ቁጥሩ፣ የከበሮ ማሽኑም «ሮላንድ 909» ተብሎ በክብር ተመዝግቧል። ጭላዳው እንኳ አልተረሳም! መግቢያው ላይ መንጋው ሲንጫጫ ይሰማል፤ ጀርባው ላይም «ቴሮፒቴከስ ጌላዳ» ተብሎ በላቲን ማዕረጉ ተጽፎለታል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ጭላዳንና ዋልያን እ.ኤ.አ. በ1835 በሳይንስ መዝገብ ስላስገባቸው ዝንጀሮው ስምም፣ መዝጋቢም፣ የምዝገባ ዓመትም አለው። አልመቀኘውም፤ ሣሩን ግጦ ገደሉ ላይ የሚያድር ጨዋ ነው። ከእሱ በታች፣ በደቃቅ ፊደል፦ «ድምፅ፦ ያልታወቀ አዝማሪ፣ ሰሜን ተራሮች»።

ሁለተኛው ገጽ ላይ «የግጭ ጸጥታ» የሚል ጥበባዊ የነፋስ ድምፅ አይጠፋም። ጸጥታው እውነተኛ ነው፣ ምስክር ነኝ። የግጭ መንደር ሰዎች በ2008 ዓ.ም. ከፓርኩ ተነሥተው ደባርቅ ዳር ሰፈሩ፤ በዓመቱ ዩኔስኮ ፓርኩን እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ከቆየበት አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ዝርዝር አወጣው። ሕፃን የማያለቅስበት፣ ውሻ የማይጮህበት አገር ላይ ነፋስ ጥርት ብሎ ይቀዳል።

ወደ ሙዚቃው ስንመጣ የሚደነቀው ትዕግሥታቸው ነው። የእኛ ችክችካ ሦስት ሦስት እየረገጠ ትከሻ የሚያነሣ ምት ነው፤ ዲፕ ሀውስ ደግሞ አራት አራት ይረግጣል። ጎንደሬውን ሀውስ ከተወለደበት ከቺካጎው ጋር ለማስማማት ባለ ማሲንቆው በኮምፒውተር ይጎተታል፣ ይቆረጣል፣ ቀጥ ይደረጋል። ቀጥሎ ግጥሙ አለ። ግጥም ያሳስባል፤ ጭፈራ ላይ ማሰብ አይመከርም። ለምሳሌ አዝማሪው ሌሊቱ ሲጋመስ፣ ጉሮሮው ሲደርቅ፣ እንግዳውን በዓይኑ ጠቀስ እያደረገ እንዲህ አለ እንበል (ግጥሟ የእኔ ናት፤ ባለሙያው ከዚህ የበለጠ ይወረውራል)፦

እንግዳው ሲቀዳ፣ ሲቀዳ አመሸ፤
ከኔ እየቀዳ፣ ሳይቀዳልኝ መሸ።

ጠላ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ስካውቱ ጠመንጃውን ተደግፎ ይንፈቀፈቃል። ባለ ጠላዋ እንኳ ነገሩ ገብቷት ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወደ ባለ ማሲንቆው ትሄዳለች። እንግዳውም ይስቃል፤ ሰው ሲስቅ አብሮ መሳቅ ጨዋነት ነው። ከዚያ በርሊን ገብቶ፣ ወይም ቦሌ ገብቶ (ይህ ጥበብ የፈረንጅ ብቻ መስሏችሁ እንዳትቆጩ፤ የእኛም ልጆች ያውቁበታል)፣ ከሁለቱ ስንኝ «ቀዳ» የምትለዋን ብቻ ያወጣል። ድምፀቷ ተመችቶታል። ቀዳ፣ ቀዳ፣ ቀዳ፣ ለሰባት ደቂቃ። አራተኛው ደቂቃ ላይ የገደል ማሚቶ ይጨመርባታል። የሸክላው ማብራሪያ «ጥንታዊ የተራራ ጸሎት» ይላታል። ምድር ቤት ውስጥ ላባቸውን እያንጠፈጠፉ የሚጨፍሩት ሰዎች በስሞታ ነው የሚጨፍሩት፤ ተከሳሹ ደግሞ ዲጄው ነው።

በእርግጥ ይህ በእኛ አልተጀመረም። ሀውስ የቺካጎ ጥቁር ልጆች ሙዚቃ ነው፤ ላሪ ኸርድ እ.ኤ.አ. በ1986 ባወጣው ሥራው ዲፕ ሀውስን መልክ ካስያዙት አንዱ ነው። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ብላክ ቦክስ የተባለው የጣሊያን ቡድን ሎሊያታ ሆሎዌይ እ.ኤ.አ. በ1980 የዘፈነችውን ቆርጦ ገባበት፤ ዜማው በእንግሊዝ አንደኛ ሲወጣ በቪዲዮ አፏን የምታንቀሳቅሰው ሌላ ቆንጆ ነበረች። ሆሎዌይ ጠበቃ አቁማ ካሳ ተቀበለች። የደባርቁ ጠበቃ ማሲንቆው ነው፤ እሱንም ቀድተውታል።

የሚያስቀኝ ደግሞ የጥንቶቹ ኋላ ቀርነት ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ጀርመን አገር ሸክላ ሲያስቀርጹ፣ ሸክላውን ያተመው ፋብሪካ የዘፋኙን ስም ሸክላው ላይ ማተም እንዳለበት ያምን ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» የሚላቸውን የሙዚቃ ቅጾች ሲያወጣ ስም ለመጻፍ ወረቀት አልሰሰተም። ጥፋቱ የማሽን ነው የሚል ካለም ይሳሳታል። ሚካኤል ሰይፉ በ2016 እ.ኤ.አ. «ዘላለም»ን፣ ሮፍናንም በ2010 ዓ.ም. «ነጸብራቅ»ን ሲያወጡ፣ እንደገና ሙሉ የተባለው አቀናባሪም «ኢትዮጵያን ሪከርድስ» በሚለው ስሙ ሲሠራ፣ የአገር ድምፅና ኮምፒውተር አንድ ቤት ማደር እንደሚችሉ አሳይተውናል።

ለስም አልባነቱ የሚቀርበው ምክንያት ግን ልብ ይነካል። «የሕዝብ ዜማ ነው፤ ባለቤት የለውም» ይላሉ። እውነት ነው ብዬ ሸክላውን ደግሜ ገለበጥኩት፤ ከታች በኩል «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» ይላል። ባለቤት የሌለው ዜማ ጎንደርን አልፎ አውሮፕላን ሲሳፈር ባለቤት ያገኛል ማለት ነው። የእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ ዘፋኝም ሆነ ሙዚቀኛ በክዋኔው ላይ መብት እንዳለው፣ ጥበቃውም 50 ዓመት እንደሆነ ይደነግጋል። አዋጁ አዲስ አበባ ላይ ታውጆ ጠላ ቤት ድረስ ያልደረሰው በመንገዱ ይመስለኛል፤ ከዳባት በኋላ ሽቅቡ ይከብዳል።

ሌላው ምክንያት፣ «ስሙ ከታወቀ ምሥጢሩ ይጠፋል» የሚለው ነው። ይህኛው እንኳ ያሳምናል። 20 ዩሮ ከፍሎ ጉም የገዛ ሰው ከጉሙ ውስጥ የሦስት ልጆች አባት፣ ትናንት የቤት ኪራይ የተጠየቀ፣ ሲም ካርዱ ውስጥ ሒሳብ ያለቀበት ሰው ቢወጣበት ይከፋዋል።

እንዲያው ምሥጢሩ እንዲጠፋ የሚፈልግ አቀናባሪ ካለ ግን ፍለጋው አያደክምም። ደባርቅ መናኸሪያ ይውረድና ለመጀመሪያው ባጃጅ «ያ ማሲንቆ የሚመታው ሰውዬ ጋ አድርሰኝ» ይበለው። ልጁ የትኛው እንደሆነ ጠይቆ፣ በስሙ ከነአባቱ፣ ከነቅጽል ስሙም ነግሮ፣ በር ላይ ያወርደዋል። የባጃጁን ሒሳብ አደራ፤ «ያልታወቀ ባለ ባጃጅ» መባልን የእኛ ልጆች አይወዱም።