የኒው ጀርሲው አባት

በሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ዘንድ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ለመባል ሁለት ነገር ማሟላት አለበት፤ መራቅና መወደድ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ ቆመን ስንጫወት «ልጅሽ የት ገባችልሽ?» ተብላ «ቦስተን» ያለች እናት ጠያቂዋ እልል ልትልላት ምንም አይቀራት። «ኮሌጅ ፓርክ» ያለች ግን «ጎሽ፣ እሱም እኮ ጥሩ ነው» ትባላለች። ያቺን «እሱም እኮ» ሰምቶ እንቅልፍ የሚወስደው ወላጅ የለም።

የእኔም ልጅ ባለፈው ኤፕሪል ሁለት ደብዳቤ ይዛ ከች አለች። አንዱ ከሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ፤ ከቤታችን በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ለስቴቱ ነዋሪ የትምህርት ክፍያው በዓመት ወደ 12 ሺህ ዶላር። ሌላው ቦስተን አካባቢ ካለ የግል ዩኒቨርሲቲ፤ ማደሪያና ምግቡ ሲደመር ከ85 ሺህ በላይ። መልሱ እስከ ሜይ 1 ይፈለጋል።

በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ራስ ምታት አልነበረም። ማትሪክ ተፈተንን፣ ምርጫ ሞላን፣ የሞላነውን ማን እንዳነበበው እግዜር ይወቅ፣ ምደባ ወጣ። ስድስት ኪሎ ብዬ ሞልቼ አለማያ ደረሰኝ፤ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ። መኝታውም ምግቡም በመንግሥት ነበር። ኮስት ሼሪንግ የሚሉት ነገር የመጣው እኛ ተመርቀን ከወጣን ከዓመታት በኋላ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ሩቅም ነፃም! እንዲህ ያለ ነገር አሜሪካ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ቤተሰቡ ለሸንጎ ተቀመጠ። የቦስተኑን ደብዳቤ ረከቦቱ አጠገብ ዘረጋነው። «እንኳን ደስ አላችሁ» ይላል በደማቁ። ከሥሩ እርዳታ ያለውን ይዘረዝራል፦ ስኮላርሺፕ ይህን ያህል፣ ወርክ ስተዲ ይህን ያህል፣ የተማሪ ብድር ይህን ያህል፣ የወላጅ ብድር ደግሞ ያን ሁሉ። መጨረሻው መስመር ላይ ቀሪ ክፍያ ዜሮ። አክስቷ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ «ዜሮ! በነፃ ነው እኮ!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው። ባለቤቴ ሳትቸኩል እስክሪብቶ አነሳችና ሁለቱን ብድሮች ሰረዘቻቸው። ዜሮው 48 ሺህ ሆነ። በዓመት። «ይሄኛው ደግሞ በአንተ ስም ነው» አለችኝ የወላጁን እያሳየች፣ «ወለዱም ከልጅቷ ብድር ይበልጣል።» እኔ እንኳ በሆዴ እቁቤን አስቤ ነበር። ዕጣው ቢወጣልኝ መጻሕፍቷን ገዝቶ፣ አንድ ወፍራም የብርድ ካፖርት ቢጨምር ነው።

«አባዬ፣ ነገሩ እኮ ኤክስፒሪየንስ ነው» አለች ልጄ። «ኮሌጅ ፓርክ ብገባ የማገኘው ያንኑ የሃይስኩል ጓደኞቼን ነው።»

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የኮሌጅ ፓርክን የክፍያ ሠንጠረዥ ከፍቼ አየሁ። ከሌላ ስቴት የሚመጣ ተማሪ በዓመት ከ40 ሺህ ዶላር በላይ ይከፍላል! ክፍሉ ያው፣ አስተማሪው ያው፣ ወንበሩም ያው። ከዚያች ሌሊት ወዲህ አንድ የኒው ጀርሲ አባት ከሐሳቤ አልወጣም። ማድ ቤቱ ውስጥ ፀጉሩን እየነጨ ነው። ልጁ «ዋሽንግተን አጠገብ እኮ ነው፣ ኤክስፒሪየንስ ነው» እያለች ታስጨንቀዋለች። እሱን ዕዳ ውስጥ ሊከተው የደረሰው ሩቅና ውድ ትምህርት ቤት፣ ይኸው የእኛ «እሱም እኮ» ነው! ስልኩን ባገኘው ልጆቹን እንለዋወጥ ባልኩት። የእሱ ልጅ እኛ ቤት ሽሮ እየበላች ትመላለስ፣ የእኔዋ ደግሞ ኒው ጀርሲ ሩቅ ነው ከተባለላት እዚያ ትማር።

በማግስቱ ክርክሬን አሟሙቄ ቀረብኩ። ዩኒቨርሲቲው የተመሠረተው በ1856 እ.ኤ.አ. መሆኑን ተናገርኩ፤ ማንም ጆሮ አልሰጠኝም። የጉግል መሥራች ሰርጌ ብሪን በ1993 እ.ኤ.አ. የተመረቀው ከዚሁ ነው፣ እሱም እንደ አንቺ የስደተኛ ልጅ፣ አባቱም እዚያው ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ አልኩ። «አንተ ደግሞ ኡበር ትነዳለህ» አለች ልጄ። ልክ ናት።

የረዳኝ ኤሊው ነው። ኮሌጅ ፓርክ ማኬልዲን ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ቴስቱዶ የሚሉት የነሐስ ኤሊ አላቸው። ተማሪው ፈተና ሲደርስ አፍንጫውን ያሻሸዋል፣ ሥሩም ምግቡን፣ መጠጡን፣ ያገኘውን ሁሉ ያስቀምጥለታል። ይህን ስነግራቸው አክስቷ ከወንበሯ ተነሳች። «ስለት አላቸው በለኛ!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦስተንን በስሙ እንኳ አትጠራውም።

ልጄ ተስማማች፤ ግን ካምፓስ ማደር አለብኝ አለች። ከቤታችን ሃያ ደቂቃ! ሒሳቡን ሠራነው፤ የማደሪያውና የምግቡ ዋጋ ከትምህርቱ ክፍያ በለጠ። መተኛት ከመማር የሚወደድበት አገር መኖሬን ያን ጊዜ አወቅሁ። ቢሆንም ከ48 ሺህ ይሻላል ብዬ ፈረምኩ።

በኦገስት መጨረሻ ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«ካምፓስ ገባች አሉ?»

«አዎ ጋሼ፣ ገባች።»

«እንግዲህ ቻሉት፣ የልጅ ናፍቆት ከባድ ነው። ለገና እንኳ ትመጣላችሁ ይሆን?»

«ቅዳሜ ትመጣለች ጋሼ፤ የሚታጠበውን ልብሷን ይዛ።»