ቢጫ ኮምፒዩተርን ጨርሶ የማበላሸት ጥበብ

የአሮጌ ኮምፒዩተር ቀፎና ኪቦርድ በአብዛኛው የሚሠሩት ኤቢኤስ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ቢጫ የሚሆኑትም ቀፎው ቶሎ እሳት እንዳይዘው ብሮሚን ያለበት ውሕድ ስለሚጨመርበትና ለዓመታት አልትራቫዮሌት የተባለው የፀሐይ ጨረር ስለሚያገኘው እንደሆነ ይነገራል። የንብረት ቁጥር የተለጠፈበትን ሞኒተር ወረቀቱን ልጦ ላየ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከወረቀቱ ሥር ያለው እንደ ነጣ ቆይቷልና። በጪጩ ግን፣ በዲላም ቢሆን፣ ለሁሉ አዋቂው ቢጫነት ቆሻሻ ነው፤ ለቆሻሻ ደግሞ በረኪና አለ።

ስለዚህ በረኪናውን ውኃ ሳይነካው ያፍስበት። ካልነጣ ይጨምር፤ አሁንም እምቢ ካለ የሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ይቀላቅልበት። እዚህ ላይ ፌዙ ይቁም፦ ሁለቱ ሲገናኙ ሳንባ የሚያቃጥል የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ለአንድ ኪቦርድ ብሎ ልጆች ባሉበት ቤት ይህን የሚሞክር ሰው ምክር ሳይሆን ቁጣ ነው የሚገባው። ወደ ትምህርቱ ለመመለስ፣ በረኪናው ያቃተውን ብርጭቆ ወረቀት ይጨርሰዋል፤ የቀረውንም የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው አሴቶን፣ ኤቢኤስን የማሟሟት ጠባይ ስላለው፣ እንደ ቆጮ ሊጥ ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚረቀው ስሕተት የሚፈጸመው ትክክለኛው ዘዴ ከተሰማ በኋላ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. በአሮጌ ኮምፒዩተር ወዳጆች ዘንድ ሬትሮብራይት ተብሎ የታወቀው ይህ ዘዴ፣ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ በ3 በመቶ፣ ፀጉር ቤት ደግሞ ለማቅለሚያ በክሬም መልክ እስከ 12 በመቶ አድርጎ የሚይዘውን ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ በፕላስቲኩ ላይ ቀብቶ ለጨረር ማጋለጥ ነው። ሁሉ አዋቂው ታዲያ ክሬሙን እዚህ አወፍሮ እዚያ አሳስቶ ይለቅልቀው፤ እንዳይደርቅ በላስቲክ አይጠቅልለው፤ ጓንትም ለሴቶች ነው ብሎ ይተወው፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጥቶ ገበያ ይሂድ። ሲመለስ ክሬሙ ደርቆ፣ ቀፎው እንደ ቆላ ፍየል ዝንጉርጉር ሆኖ ይጠብቀዋል። ያው ሰው የታጠበ ቡናውን በማድረቂያው አልጋ ላይ ቀኑን ሙሉ እያገላበጠ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲከር እየሸፈነ የሚያደርቅ መሆኑ ግን ያስገርማል፤ ኪቦርድ ሲሆን እጁ የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ብሎን መፍታትም አያስፈልግም፤ ካቻቪቴ ፍለጋ ጊዜ ማባከን ነውና ሁሉም ከነሽቦው ይዘፍዘፍ። የድሮው ባለቱቦ ሞኒተር ከሶኬት ተነቅሎም በሺህ የሚቆጠር ቮልት ይዞ ሊቆይ እንደሚችል የሚነግረው ቢመጣ፣ ይሳቅበት።

ሥራው ሲያልቅ መሣሪያው ተመልሶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ይቀመጥ፤ በአግባቡ የነጣው እንኳ በዓመታት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል፣ ይኸኛው ምን አቸኮለው? የንብረት ቁጥሩም ከቢጫው ጋር አብሮ ስለተፈገፈገ፣ ቆጠራ ሲደርስ ሞኒተሩ ጠረጴዛው ላይ እያለ «ጠፍቷል» ተብሎ ይመዘገባል።