ዝም የሚል እንጨት

እንጨት ባየሁ ቁጥር አንኳኳለሁ። በር፣ ቁም ሳጥን፣ የሰው ጠረጴዛ ሳይቀር፤ በጣቴ አንጓ ኳ ኳ አድርጌ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ። ይኼ አመል የያዘኝ የስፒከር ሳጥን እቤቴ ልሠራ ተነሥቼ እንጨት መምረጥ ያቃተኝ ጊዜ ነው።

ከምናለሽ ተራ ሁለት ባለ 8 ኢንች ስፒከሮች አግኝቼ ነበር፤ ወረቀታቸው ያልተቀደደ፣ ማግኔታቸው እጅ የሚሞላ። ከዚህ በኋላ የቀረኝ ሳጥን ብቻ ነው ብዬ ደስ እያለኝ ገባሁ።

ለሳጥኑ ከዋንዛ ሌላ አልታየኝም። ያደግነው በዋንዛ አልጋና በዋንዛ በር መሀል ነው፤ እኛ ቤት የጥሩ ዕቃ መለኪያው እሱ ነበር። ጣውላውን አስልጌ፣ በኮላ አጣብቄ፣ በብሎን አሰርኩት። ቀለሙ ማር ይመስላል። የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን ከፈትኩ። ባሱ አንድ ኖታ ላይ በደረሰ ቁጥር ሳጥኑም አብሮ "ኡ…ም" ይላል። ያቺ ኖታ ሌሎቹን ሁሉ ውጣ፣ የጥላሁን ድምፅ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ መሰለ።

ሳጥኑን ተሸክሜ ሰፈራችን ወዳሉት ሽማግሌ አናጺ ሄድኩ። አንድ ጊዜ አንኳኩና፣

"ልጄ፣ ከዋንዛ ምን ምን ይሠራል?" አሉኝ።

"አልጋ፣ በር፣ ወንበር…"

"ከበሮስ?"

መልስ አጣሁ።

"ከበሮ እንዲጮህ ነው የሚሠራው። ያንተስ ሳጥን እንዲጮህ ነው የፈለግከው?"

ጋሼ ነገሩን ገለጡልኝ። ስፒከር ላይ መዝፈን ያለበት ወረቀቱ ብቻ ነው። ወረቀቱ ሲርገበገብ ድምፅ ከፊትም ከኋላም ይወጣል፤ ሁለቱ ከተገናኙ ባሱ ይጠፋፋል። ሳጥን የሚያስፈልገው የኋላውን አፍኖ ለመያዝ ነው። አፋኙ ራሱ መዝፈን ከጀመረ ጉድ ፈላ።

ቀጥሎ ቺፑድ ገዛሁ። ዋጋው ይቀላል፣ ሲያንኳኩትም ድምፁ አይጎትትም። ነገር ግን ጠርዙ ላይ ብሎን ሳስገባ እንደ ቆሎ ረገፈ። እንደምንም ጠጋግኜ አቆምኩት። ክረምት ገባና ጣራው አንድ ሌሊት አፈሰሰበት፤ ጠዋት ሳየው ወተት የነካ ዳቦ ሆኖ አብጧል።

በመጨረሻ የእንጨት ቃጫ በሙጫ ታምቆ የሚሠራው ኤምዲኤፍ ላይ ደረስኩ። ባለ 18 ሚሊ ሜትሩ፣ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነው አንዱ ሙሉ ገበታ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል፤ ለሁለት ሆነን ነው ደረጃውን ያወጣነው። ሳጋቱራው እንደ ዱቄት የላመ ነው። ሙጫው ፎርማልዴሃይድ ያለበት ስለሆነ አፍና አፍንጫ ሳይሸፍኑ መቁረጥ አይገባም፤ እኔ ሳልሸፍን ቆርጬ ሳምንት ሙሉ ሳልኩ። ጠርዙም በቀለም ካልታሸገ እንደ ቺፑዱ ውኃ ይጠጣል። ሲያንኳኩት ግን "ድፍ" ብሎ ያቆማል።

የእንጨቱ ዓይነት ግን ለብቻው ሁሉን አይፈታም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የቢቢሲ መሐንዲሶች ኤልኤስ 3/5ኤ የተባለችውን ትንሽ ስፒከር ሲሠሩ የተጠቀሙት 12 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ የበርች ኮምፔርሳቶ ነው። ስሱን ግድግዳ ከውስጥ ሬንጅነት ባለው ንጣፍ ለብጠው ዝም አሰኙት። እኔም ከኤምዲኤፉ ትራፊ ቆርጬ በሁለቱ ጎኖች መሀል አግድም ድጋፍ አስገባሁ። ሰፊ ገበታ መሀሉ ላይ ሲያዝ መርገብገቡ ይቀንሳል።

ያንኑ ዘፈን ከፈትኩና መዳፌን ሳጥኑ ላይ አኖርኩ። ባሱ ደረቴ ላይ ይሰማኛል፤ ከመዳፌ ሥር ያለው እንጨት ግን ጸጥ ብሏል። ጥላሁን እንስራው ውስጥ የለም፤ ክፍሉ መሀል ቆሞ ነው የሚዘፍነው።

ዋንዛውን ፈታትቼ ለጋሼ ወሰድኩላቸው። ጣውላውን አገላብጠው አዩ፤ አንኳኩ፤ ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ከዚያ አራት አጫጭር ቁራጭ ለኩበት።

"ለልጅ ልጄ ማሲንቆ ይሆናል" አሉኝ። "ይኼ ዝም ማለት አልተፈጠረለትም።"